«የለም» የሚባለው ክኒን፦ የትኩረት ችግር ያለበት ታዳጊ በባሕር ዳር ሕክምና የሚያገኝበት መንገድ

የትኩረት ችግርን የሚያመለክተው ኤዲኤችዲ የሚለው ምሕፃረ ቃል ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐኪሞችና ከሥነ ልቦና ተማሪዎች አፍ ብዙም አይወጣም ነበር። ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ በአማርኛ የሚሠራጩ አጫጭር ቪዲዮዎች በየቤቱ አስገብተውታል። ቪዲዮውን ያየች እናት ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጇን ቀና ብላ ታየዋለች፤ አርፎ መቀመጥ አይችልም፣ የጀመረውን አይጨርስም፣ ደብተሩን በየሳምንቱ ይጥላል። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «መድኃኒት አለው አሉ፤ የሚገኘው ከመንግሥት ሆስፒታል ነው ወይስ ከግል?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቋጠሮውን ያለቦታው ይፈልጋል። በግልና በመንግሥት ሕክምና መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ድረስ ነው። ማዘዣው ከተጻፈ በኋላ ያለው መንገድ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ጠባብም ነው። የጠበበበት ምክንያት ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም።

ቀዥቃዣውና ፈዛዛዋ

ኤዲኤችዲ በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ «የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር» ተብሎ ይተረጎማል። ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ በልጅነት የሚጀምርና በብዙዎች ላይ እስከ ጉልምስና የሚዘልቅ ችግር ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው ይገመታል። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ አባት «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ» ሲል ልጁ ጤነኛ ነው ማለቱ ቢሆንም፣ ለሐኪሙ ግን ጠቃሚ ማስረጃ እየሰጠ ነው።

«ማነስ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ልጁ ኳስ ሲያይ ወይም በስልክ ሲጫወት ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍንክች አይልም፤ ታዲያ ምኑ ነው የትኩረት ችግር? የሚጎድለው ትኩረቱ ሳይሆን ልጓሙ ነው። ወዲያው የሚያስደስት ነገር ልቡን ይዞ ያቆየዋል፤ ጥቅሙ ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ የሒሳብ ልምምድ ግን አይዘውም። አንጎል ውስጥ አንድን ሥራ «ይህ ይጠቅመኛል፣ ልቀጥልበት» የሚያሰኙት መልእክት አመላላሽ ንጥረ ነገሮች፣ በተለይ ዶፓሚንና ኖርኢፒንፍሪን፣ አሠራራቸው ከሌላው ሰው ይለያል። በብዛት የሚታዘዙት፣ «አነቃቂ» የሚባሉት መድኃኒቶችም የሚሠሩት በእነዚሁ ላይ ነው።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመዘኛ መሠረት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየት፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መኖርና ኑሮውን ማወክ አለባቸው። በ15 ዓመቱ በድንገት የተጀመረ ቅብጥብጥነት ሐኪሙ ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ ያስገድደዋል።

ቀዥቃዣው ልጅ ቢያንስ ይታያል። የምትረሳው ፈዛዛዋ ናት። ክፍል አትረብሽም፣ ከመምህር ጋር አትጨቃጨቅም፤ ከመስኮት ውጭ ታያለች። ችግሯን ደብተሯ ይናገራል፤ ቀኑና ርእሱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፣ ሦስት መስመር በሚያምር ጽሑፍ ተገልብጧል፣ አራተኛው መሀል ላይ ተቋርጧል፣ ዳሩ ላይ አበባ ተሥሏል፤ ቀጣዩ ገጽ የሌላ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ቤተሰብ «ሰነፍ ናት» ይላል፤ አለዚያም «ዓይነ ጥላ ነው» ብሎ ጸበል ይወስዳታል። ጸበሉን ከሕክምናው ጋር አብሮ ማስኬድ የሚከለክል ነገር የለም፤ ጉዳቱ የሚመጣው አንዱ ሌላውን እንዲያስተው ሲደረግ ነው።

ፈተና መውደቅ ምልክት አይደለም

ወላጆችን ወደ መድኃኒቱ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚወድቅበት ፈተና የአንድን ልጅ አእምሮ ሊመረምር አይችልም። ልጁን ለፈተና ለማድረስ ሲባል ክኒን መፈለግ መነሻው የተሳሳተ ነው፤ መድኃኒቱ ያልተማረውን ትምህርት አያስተምርም።

በአማራ ክልል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ግጭት ውስጥ ነው፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካበቃ በኋላም ግጭቱ አልቆመም። የተኩስ ድምፅ የለመደ፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ወይም ዘመድ የሞተበት ታዳጊ እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ ኮሽታ ይደነግጣል፣ ያነበበውን አይዝም። ይህ ሁሉ ከኤዲኤችዲ ጋር ይመሳሰላል። የሚለያቸው አንዱ ነገር የጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ልጁ ሁለተኛ ክፍል እያለ እንዴት ነበር? ለፍርሃትና ለሐዘን አነቃቂ መድኃኒት መስጠት እንቅልፍ ላጣ ሰው ቡና እንደማጠጣት ነው።

ሌሎች መሳዮችም አሉ። የእንቅልፍ ማነስ፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ጥቁር ሰሌዳውን የማያሳይ የዓይን ድክመት፣ የጆሮ ችግር፣ ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ የሚያስቀር የሚጥል በሽታ ዓይነት። የመጨረሻው በተለይ ከፈዛዛነት ጋር በቀላሉ ይምታታል። እነዚህን ሳያጣራ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም ቢገኝ ወላጅ ሊደሰት አይገባም።

የመንግሥቱ መንገድ

ባሕር ዳር በዚህ ረገድ ከብዙ የክልል ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ፈለገ ሕይወት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የሕፃናትና የታዳጊዎች የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ግን በመላ አገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነው። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ራሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ታዳጊውን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ነርስ ወይም የማስተርስ ባለሙያ ነው፤ ይህን እንደ ማነስ መቁጠር አይገባም፤ በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምናን ተሸክመው የቆዩት እነሱ ናቸው።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ካርድ ይወጣል፣ ሪፈር ይጻፋል። ሪፈሩ በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ለሆነ ቤተሰብ ወሳኝ ነው፤ ደረጃውን ጠብቆ ያልመጣ ታካሚ ከመድኅኑ ላይጠቀም ይችላል። መድኅኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለችው ፎገራ ነበረች፤ የሐይቁ ዙሪያ ሰው አሠራሩን ከሌላው ቀድሞ ያውቀዋል። የመድኅኑ ደካማ ጎን የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ካርዱንና ምርመራውን ይሸፍናል፤ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ከሌለ ግን ወላጅ ማዘዣውን ይዞ በገዛ ኪሱ ፍለጋ ይወጣል።

በምርመራው ቀን ብዙ ወላጆች ይዘው የሚመጡት የውጤት ካርድ ብቻ ነው። ባለሙያው የሚፈልገው ሌላ ነው፦ የክፍል ኃላፊ መምህሩ የጻፈው ግማሽ ገጽ፣ ከታችኛው ክፍል የቀሩ ደብተሮችና ሪፖርቶች፣ ልጁን ከሕፃንነቱ የሚያውቅ ሰው። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህር እያንዳንዱን ልጅ ያያል ማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም አብዛኛው መምህር እንዲህ ያለውን ተማሪ ሳይጠየቅም ያስታውሰዋል። ይህ ወረቀት ባለመቅረቡ ብቻ አንድ ቀጠሮ ይባክናል፤ ከዘጌ በጀልባ ወይም ከሐሙሲት በሚኒባስ ለሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ አንድ ቀጠሮ ማለት የቀን ሥራና የደርሶ መልስ መጓጓዣ ማለት ነው።

ገንዘብ የሚገዛውና የማይገዛው

የግል ሕክምና የሚሸጠው ጊዜን ነው። ወረፋው አጭር ነው፣ ሪፈር አያስፈልግም፣ ጎረቤት በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ላይ የማየቱ ሥጋት ይቀንሳል። የመጨረሻው ምክንያት በይፋ አይነገርም እንጂ ብዙ ቤተሰብ ወደ ግል የሚሄደው በዚህ ነው። የሚያገኘው ሐኪም ግን አንዳንዴ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራው ያው ሰው ነው፤ ዕውቀቱ ማታ አይጨምርም፣ ለአንድ ታካሚ የሚሰጠው ደቂቃ ግን ሊጨምር ይችላል።

ገንዘብ የማይገዛው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ክትትል ነው። አነቃቂ መድኃኒት አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ክብደት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት እየታየ መጠኑ ይስተካከላል፣ ለእያንዳንዱ ዙር አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ወር የግሉን ክፍያ የቻለ ቤተሰብ በስድስተኛው ወር ይዝላል፤ ያኔ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሲመለስ ታሪኩ አብሮት ስለማይመጣ ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቱን ማጣመር የሚፈልግ ቤተሰብ የግሉን ሐኪም የጽሑፍ ማጠቃለያ መጠየቅ አለበት፤ ይህ የታካሚ መብት ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ሁለተኛው መድኃኒቱ ራሱ ነው።

ለምን ይጠፋል?

ለኤዲኤችዲ በዓለም ላይ በብዛት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ ብዙዎች በንግድ ስሙ ሪታሊን ብለው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1944 በስዊዘርላንድ የተሠራ አሮጌ መድኃኒት ነው። ብርቅነቱ ከአዲስነት የመጣ አይደለም። የሱስ ሥጋት ስላለው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ተመዝግቧል። ሳይኮትሮፒክ ማለት በአእምሮ ላይ የሚሠራና ቁጥጥር የሚደረግበት ማለት ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። በዚህ መሠረት አገሮች ዓመታዊ ፍላጎታቸውን ገምተው ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ ያሳውቃሉ፤ ላኪው አገር ዕቃውን የሚለቀው የአስመጪው አገር ፈቃድ ሲቀርብለት ነው። በአገር ውስጥም እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚጻፈው በልዩ ማዘዣ ነው፤ ፋርማሲው በቁልፍ ያስቀምጠዋል፣ ክኒኑን ቆጥሮ ይመዘግባል፣ ማዘዣውን ያስቀራል። ይህ ለግሉም ለመንግሥቱም እኩል ነው።

ቁጥጥሩ በራሱ እጥረት አይፈጥርም፤ ሞርፊንም ቁጥጥር አለበት፣ ግን ይገባል። እጥረቱን የሚፈጥረው ግምቱ የሚሠራበት መንገድ ነው። የመንግሥት ሆስፒታሎች በየዓመቱ የሚፈልጉትን ዓይነትና መጠን ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ያስታውቃሉ፤ አገልግሎቱ ባሕር ዳር ላይም ቅርንጫፍ አለው። ግምቱ በአብዛኛው የሚነሣው ቀደም ሲል ከወጣው መጠን ነው። አሁን ሐኪሙን እናስብ። ለሦስት ታካሚዎች ጽፎ ሦስቱም «የለም» ተብለው ሲመለሱ ለአራተኛው አይጽፍም፤ በእጅ የሚገኝ ሌላ መድኃኒት ያዛል ወይም ምክር ሰጥቶ ይሸኛል። ያልተጻፈው ማዘዣ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ ፍላጎት ሆኖ አይታይም። በሚቀጥለው ዓመት ግምት ሲሠራ «ጠያቂ የለውም» ይባላል። መድኃኒቱ ስለሌለ አይጻፍም፤ ስላልተጻፈ አይመጣም።

ከውጭም የሚገፋ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሜቲልፌኒዴትን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ እንዲያስገባ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 የቀረቡለትን ማመልከቻዎች አልተቀበለም። ዝርዝሩ አገሮችን አያስገድድም፤ ነገር ግን ውሱን በጀት ያለው አገር ቅድሚያ ሲሰጥ የሚያየው እሱን ነው። ይኸው ድርጅት ለአእምሮ ጤና ባወጣው መመሪያ፣ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ልጆች መድኃኒቱ በስፔሻሊስት ምክክር ሊታሰብ እንደሚችል መጻፉ ግራ ያጋባል። በዚህ ላይ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካና በብሪታንያ ጭምር የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች እጥረት ታይቷል፤ ትልቁ ገበያ ያልሞላለት አምራች ትንሹን ገበያ አያስታውስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ ለግል አስመጪ ይህ ማለት ጥቂት ሰው የሚገዛው፣ ብዙ ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ለማስመጣት ያለው ፍላጎት ይበልጥ መቀነሱ ነው።

ሻንጣና ቅጠል

ክፍተቱ ባዶ ሆኖ አልቀረም። አንደኛው መሙያ ሻንጣ ነው፤ ውጭ ያለች አክስት ለልጇ ከታዘዘው ቆጥባ ትልካለች። ቁጥጥር ያለበትን መድኃኒት ያለ ማዘዣና ያለ ፈቃድ ማስገባት በላኪም በተቀባይም ላይ የሕግ ጣጣ ያመጣል። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበው የመጠኑ ጉዳይ ነው፤ ለአንዱ ልጅ ክብደት የተስተካከለ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የተዘጋጀ እንክብል ለሌላው ሲሰጥ የልብ ምቱን የሚለካለት የለም። ሻንጣው በማይመጣበት ወርም ሕክምናው ይቋረጣል።

ሁለተኛው መሙያ ጫት ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ የሚበቅለው ጫት አዲስ አበባ ድረስ በከተማዋ ስም ይሸጣል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአወቃቀርም በአሠራርም የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አምፌታሚን ደግሞ በሌሎች አገሮች ለኤዲኤችዲ ይታዘዛል። አንዳንዱ ታዳጊ «ስቅም ነው ትምህርት የሚገባኝ» ሲል ሙሉ በሙሉ እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ነገሩ ለማሰብ የሚጋብዝ ነው፤ ካቲኖን በዚያው የ1971 ስምምነት ከሜቲልፌኒዴት በጠበቀው አንደኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፣ ቅጠሉ ራሱ ግን አልተካተተም። ስለዚህ የሚለካው ክኒን በቁልፍ ተቆልፎ የማይለካው ቅጠል መንገድ ዳር ይሸጣል። የጫቱ መጠን አይታወቅም፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣል፣ በማግሥቱ ድብርት ይተካል፤ በጠዋቱ ክፍል ልጁ ከበፊቱ ይበልጥ ፈዝዞ ይገኛል። ጫቱና ክኒኑ አንድ ላይ ከተወሰዱ የልብ ምትና የደም ግፊት ላይ ጫናው ይደራረባል። ሐኪሙ ታዳጊውን ከወላጁ ለይቶ ለብቻው ማነጋገር ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አባቱ ባሉበት «ትቅማለህ?» ተብሎ እውነቱን የሚናገር ልጅ አይገኝም።

መድኃኒቱ ይሠራል ወይ?

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሰፊ ንጽጽር ሜቲልፌኒዴት ለሕፃናትና ለታዳጊዎች በአጭር ጊዜ ውጤቱም በተስማሚነቱም ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም ያወጣው ግምገማ ጥቅሙ ያለ ቢመስልም የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ ነው ብሏል። በአሜሪካ 579 ልጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የወጣው ጥናት በ14 ወራት ውስጥ በጥንቃቄ የተመራ የመድኃኒት ሕክምና ብልጫ እንዳለው አሳየ፤ በሦስተኛው ዓመት ግን በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠፋ።

እነዚህ የሚጋጩ ቢመስሉም አንድ ላይ ይነበባሉ። መድኃኒቱ ዛሬ ጠዋት የተዋጠ እንደሆነ ዛሬ ጠዋት ይሠራል፤ አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። የሰዓቱ ነገር በተግባር ትልቅ ነው፤ ጠዋት የተወሰደው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል፣ ለከሰዓት ተማሪ ጨርሶ አይደርስም። የምግብ ፍላጎት መቀነስና የእንቅልፍ መዘግየት የተለመዱ ናቸው፤ በቤተሰብ ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሞት ካለ ለሐኪሙ ሳይነገር መጀመር የለበትም። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሱሰኝነት ግን በትክክል ታዝዞ ክትትል በሚደረግለት ልጅ ላይ እንደሚጨምር የጥናቶቹ ድምር አያሳይም።

ባልተገኘ ጊዜ

አነቃቂ ያልሆኑ አማራጮች አሉ። አቶሞክሴቲን በዓለም አቀፉ የቁጥጥር ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ ውጤቱ ሙሉ ለሙሉ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ኢሚፕራሚንን የመሰሉ አሮጌ የድብርት መድኃኒቶችን የሚያዝዝ ሐኪም አለ፤ ወላጅ ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል አንብቦ ስሕተት ነው ብሎ መጣል የለበትም። እነዚህ ከመጠን ካለፉ ልብን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚያውኩ ክኒኑን ቆልፎ የሚሰጠው ወላጁ እንጂ ታዳጊው መሆን የለበትም።

ያለ መድኃኒትም ብዙ ይሠራል። ፊተኛው ወንበር፣ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ መነሣት፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠት፣ የቤት ሥራን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት መምህሩ ችግሩን ከስድነት ለይቶ እንዲያውቅ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ይቀራል። መድኃኒቱ እንደሌለ ቢታወቅም ሐኪሙ ያስፈልጋል ብሎ ካመነ ማዘዣው ይጻፍ፤ ወላጅም ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ መስኮት ይዞት ይሂድ። «የለም» ተብሎ የተመለሰ ማዘዣ አብዛኛውን ጊዜ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ይገባና ቤት ይቀራል። በፋርማሲው መዝገብ ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ከሰፈረ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ግምት የሚሠራው ባለሙያ ያገኘዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ግምቱ የሚሰበሰበው ከዚያ አስቀድሞ ነው።